ከበቅሎ ውርርድ እስከ ቁጥር 92

በቢሮዬ የምትሠራው የጽሕፈት ሠራተኛ ክስም ሆነ የመከላከያ መልስ በምትጽፍበት ጊዜ የመጨረሻውን መሥመር ማንም አይነግራትም። እኔ ዳኝነቱን ነግሬያት ወረቀቶቼን መሰብሰብ ስጀምር እርሷ በራሷ ጊዜ «ከዚህ በላይ የተገለጸው ሁሉ እውነት መሆኑን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ» ብላ ትጨርስና ከሥሩ የፊርማ ቦታ ትተዋለች። ይህን መሥመር ስንት ጊዜ እንደ ፈረምኩበት፣ ስንት ደንበኛም እንዳስፈረምኩበት ቆጥሬው አላውቅም። ከሙያ ባልደረቦቼ መካከል ከመፈረሙ በፊት ቆም ብሎ የሚያነብበው ቢኖር አከብረዋለሁ፤ እኔ ግን ለብዙ ዓመታት ከእነዚያ አንዱ አልነበርኩም።

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ስጠየቅ ስለ ጥብቅና ታሪክ በሰፊው መጻፍ ይቻል ነበር። እኔ የመረጥኩት ከዚያ ሁሉ አንዲት ጥያቄ ነው፤ ሰው በዳኛ ፊት ለሚናገረው ቃል ምን ያስይዛል?

በአገራችን የቀድሞ ሙግት ለዚህ ጥያቄ መልሱ የታወቀ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን አደግድገው በዳኛው ፊት በቆሙ ጊዜ በቅድሚያ የሚጠየቁት ስለ ነገሩ ሳይሆን ስለ ዋሳቸው ነው። «ዋስ ጥራ» ይባላል። ዋስ የሚሆነው ሰው ተሟጋቹ በቀጠሮ እንደሚገኝ፣ ቢረታም እንደሚከፍል በራሱ ላይ ግዴታ ይገባል። ስለዚህ ገና አንዲት ቃል ሳይነገር ተሟጋቹ የሚያምነው ሰው ያለውና የሌለው መሆኑ በአደባባይ ይታያል። ዋሱ የተገኘ እንደ ሆነ ክርክሩ ይከፈታል። አንዱ ስለ ነገሩ አንድ ፍሬ ቃል ሲናገርና ሌላው ሲክድ በዚያች በተካደችው ነጥብ ላይ ውርርድ ይገባሉ። ነገሩ ቀላል ከሆነ በማር፣ ከፍ ካለ በበቅሎ ወይም በፈረስ ነው። ምስክር ተሰምቶ ቃሉ ያልጸናለት ወገን ውርርዱን ይከፍላል፤ የሚከፈለውም ብዙውን ጊዜ ለባለጋራው ሳይሆን ለዳኛው ነበር። ዛሬ ከንቱ ጭቅጭቅን «እሰጥ አገባ» የምንለው ከዚሁ የሙግት ቋንቋ የተረፈን ይመስለኛል።

የዚህን ሥርዓት ጠባይ በሚገባ ለመረዳት አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ውርርዱ የሚገባው በጠቅላላው ክስ ላይ ሳይሆን በእያንዳንዱ በተካደ ቃል ላይ ነበር። ሰውዬው «መሬቱ የአባቴ ነው» በማለቱ ብቻ አያስይዝም። «አባቴ በዚህ ዓመት፣ በዚህ ወሰን፣ እገሌና እገሌ ባሉበት ተረክቦታል» ሲልና ባለጋራው «አልተረከበም» ሲል ግን በቅሎይቱ በመካከላቸው ትቆማለች። ካጂውም እንደ ተናጋሪው ያስይዛል። በነጻ የሚካድ ነገር አልነበረም።

ይህ ሁሉ የሚደረገው ደግሞ በሕዝብ ፊት ነው። ችሎቱ በዛፍ ጥላ ሥር፣ በገበያ ዳር ወይም በሹሙ ደጅ ይዘረጋል፤ ሙግት የሚወድ ሰው ሥራውን ትቶ ይመጣል። ዳኛ በአቅራቢያ ያልተገኘ እንደ ሆነ ባለጉዳዮቹ መንገደኛ አስቁመው «ዳኘን» ይሉታል፤ እርሱም ጓዙን አውርዶ ይቀመጣል። «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው ዱላውን ይመልሳል፤ ወራጅ ውኃ እንኳ ይቆማል የሚለው አነጋገር የዚያ ዘመን ምስክር ነው። ተሟጋቾቹ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው ጎን ለጎን ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። ክርክሩም በ«በላ ልበልሃ» ሲሆን በግጥምና በምሳሌ ተጀምሮ ወደ ነገሩ ይገባል፤ በ«ተጠየቅ» ሲሆን ደግሞ አንዱ ሌላውን በጥያቄ እያጠበበ ከማመንና ከመካድ በቀር መውጫ ያሳጣዋል። የሕግ ትምህርት ቤት በገባሁ ጊዜ መስቀለኛ ጥያቄ ከባሕር ማዶ የመጣ ጥበብ መስሎኝ ነበር። አያቴ ይህን ቢሰሙ ይስቁብኝ ነበር።

ነገር ግን ያለፈውን ዘመን ለማመስገን አልተነሣሁም፤ ከእኔ በፊት ይህን ያደረጉ ብዙዎች ናቸው፤ አብዛኞቹም በዚያ ችሎት ድሃ ሆነው አልቆሙም። ውርርድ ለቃል ዋጋ ይሰጣል፤ ግን ዋጋውን ሁሉም እኩል አይችለውም። አሥር በቅሎ ያለው ባለርስት አንዷን ሲያስይዝ የሚሰማው አይኖርም፤ አንዲት ላም ያለችው ጭሰኛ ግን እውነቱን በልቡ ይዞ «በቅሎ አገባለሁ» ማለት አይሆንለትም። በዚህ ምክንያት ዝም ብሎ የተረታ ሰው ስንት እንደ ሆነ የጻፈልን የለም፤ የተጻፈልን የአንደበተኞቹ ክርክር ነው። ባለዕዳና ባለገንዘብ በአንድ ሰንሰለት እጅ ለእጅ ተቆራኝተው ውለው የሚያድሩበት የቁራኛ ሥርዓትም የዚሁ ዓለም ክፍል ነበር። ባለገንዘቡ ራሱ የእስረኛው ግማሽ ሆኖ ገበያ ሲወጣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የመጡ የውጭ አገር ተጓዦች ፎቶግራፍ አንሥተውታል። በምርመራም በኩል አውጫጪኝና ሌባ ሻይ ነበሩ፤ ስለ ሌባ ሻይ ብዙ ባልናገር ይሻላል።

ጠበቃ የሚባለው ሰው ወደዚህ አደባባይ የገባው እንግዲህ ከዚህ የተነሣ ነው። ስሙ «ጠበቀ» ከሚለው ግሥ ነው የመጣው፤ የሰው ከብትና የሰው ቤት እንደሚጠበቅ የሰውን ነገር የሚጠብቅ ማለት ነው። ሴት፣ ሕፃን፣ ሽማግሌ፣ አንደበቱ የተያዘ፣ ወይም በሹም ፊት የሚፈራ ሰው ነገር ዐዋቂውን ይለምናል ወይም ይቀጥራል። ነገረ ፈጅም የጌታውን ጉዳይ ይዞ ከዳኛ ዳኛ ይሄዳል። እነዚህ ሰዎች ፈቃድ አልነበራቸውም፤ የሥነ ምግባር ደንብም አልነበራቸውም። መልካም ስማቸውን ግን በየሳምንቱ በዚያው ገበያ ያስመዝኑታል። ቃሉ ሦስት ጊዜ ያልጸናለትን ነገር ዐዋቂ አራተኛው ባለጉዳይ አይጠራውም፤ ሁሉም በቦታው ቆሞ ሰምቷልና።

ከዚህ በኋላ የሆነውን የመጽሔቱ አንባቢዎች በትምህርት ቤት ስለ ተማሩት በአጭሩ አልፈዋለሁ። ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት ለዘመናት የሊቃውንቱና የዙፋን ችሎቱ መመሪያ ሆኖ ኖረ፤ በየአገሩ ግን የሚሠራበት ልማድ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ አፈ ንጉሥ ነሲቡ የፍርድ ሚኒስትር ሆኑ። በ1923 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግና የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ወጡ። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በወጣው የፍርድ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 2 ፍርድ ቤቶች በደረጃ ተቋቋሙ። ከ1949 እስከ 1958 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ደግሞ ስድስቱ ታላላቅ ሕጎች ታወጁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3347 ከእርሱ በፊት የነበረውን የተጻፈም የልማድም ሕግ በሸፈናቸው ጉዳዮች ሁሉ ሻረ። በ1956 ዓ.ም. የሕግ ፋኩልቲ በአዲስ አበባ ተከፈተ።

እኛን የሚመለከተው የመጨረሻው ነው፤ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ። የፍትሐ ብሔሩን ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ሲሆኑ ሥነ ሥርዓቱ ግን በአብዛኛው የተቀዳው በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን በ1908 እ.ኤ.አ. ከወጣው የህንድ የሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። የመብታችን ሕግ በፓሪስ በኩል፣ የክርክራችን ሕግ በካልካታ በኩል መጣ ማለት ይቻላል። ተከራካሪ የጽሑፉን እውነትነት ከግርጌው እንዲያረጋግጥ የሚያዘው ደንብም ከዚያው ነው የመጣው። እንግዲህ ቁጥር 92 የበቅሎ ውርርድ ልጅ አይደለም። ባዕድ ነው፤ ነገር ግን ሙት ወንድምን ለመተካት እንደ ገባ ባዕድ በዚያው በባዶው ስፍራ ተቀምጧል። ዋሱ፣ ማሩ፣ በቅሎውና የገበያው ሕዝብ ሁሉ ከሄዱ በኋላ ተሟጋቹ ለቃሉ ያስያዘው ነገር ቢኖር ያቺ አንዲት መሥመር ናት።

በክርክር ውስጥ ይህን ያስተማረችኝ አንዲት ባልቴት ናት። ጊዜው 1996 ዓ.ም. ነው። ደንበኛዬ የሆነው ነጋዴ በ1984 ዓ.ም. ከጎረቤቱ 8,000 ብር ተበድሮ ነበር። ውሉ በሁለት ምስክር ፊት ተጽፏል፤ መክፈያው የ1985 ዓ.ም. ፋሲካ ነው። ሴትዮዋ ክሱን ያቀረቡት ያ ቀን ካለፈ አሥራ አንደኛው ዓመት ሲሆን ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1845 መሠረት እንዲህ ያለው ክስ በአሥር ዓመት ይታገዳል። ደንበኛዬ መጥሪያውን ይዞ ቢሮዬ በመጣ ጊዜ ሁሉንም ሳይደብቅ ነገረኝ፤ ገንዘቡን ወስዷል፤ አልመለሰም፤ በየዓመቱ ለበዓል ቤታቸው እየሄደ «የዘንድሮን ታገሡኝ» ይላቸው ነበር፤ እርሳቸውም ይታገሡታል።

ባልደረቦቼ የዚህን ንግግር ትርጉም ያውቁታል። ባለዕዳ ዕዳውን ሲያምን የይርጋው ዘመን ይቋረጣል። ነገር ግን ሴትዮዋ ጠበቃ አልነበራቸውም። ማመልከቻቸውን የጻፈላቸው በፍርድ ቤቱ በር ላይ በጥላ ሥር ከሚቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች አንዱ ነው፤ እርሱም ስለ በዓሉ አልጠየቃቸውም፤ እርሳቸውም የበዓል ጥየቃ የሕግ ፍሬ ነገር ይሆናል ብለው አላሰቡም። ሕጉ በሥጋ ዘመድ መካከል ወይም በበላይና በበታች መካከል ባለው ግንኙነት ምክንያት ሳይጠይቅ ለዘገየ ባለገንዘብ ዳኛው ሊራራ እንደሚችል ይናገራል። ስለ ጎረቤት ግን ምንም አይልም። ሕጉን ያረቀቁት ሰው በእኛ ሰፈር ኖረው ቢሆን ምናልባት ይሉ ነበር።

በቁጥር 1856 መሠረት ዳኛ ይርጋን በራሱ አንሥቶ ክስ ሊዘጋ አይችልም። ይህ ታላቅ ጥበብ ያለበት ድንጋጌ ነው፤ ሕጉ ውሳኔውን ለባለዕዳው ኅሊና ትቶለታል ማለት ነውና። በተግባር ግን ውሳኔው የሚወድቀው በጠበቃው ጠረጴዛ ላይ ነው። እኔም ለደንበኛዬ መብቱን ነገርኩት፤ እርሱም «ሕጉ ከፈቀደልኝ ይጻፍ» አለ። ጻፍኩት፤ በቁጥር 244 መሠረት በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያነት። እስከዚህ ድረስ ያደረግሁትን ዛሬም ቢሆን አልክድም፤ አላፍርበትምም። ይርጋ የሕግ ነው። ወረቀቱ የጠፋበትን፣ ምስክሩ የሞተበትን ሰው ከዘመን ብዛት ክስ ያድናል። «ውኃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» የሚለው ምክርም ያለ ምክንያት አልተተረተም።

ነገር ግን ከዚያ በታች ሁለተኛ አንቀጽ ጨመርኩ። ሁላችንም እንጨምራለን። በዝርዝር ያልተካደ ነገር እንደ ታመነ ይቆጠራል፤ ስለዚህ መቃወሚያው ቢወድቅብኝ ባዶ እጄን እንዳልቀር «በአማራጭ፤ ተከሳሽ ከከሳሽ ገንዘብ አልተበደረም» ብዬ አስጻፍኩ። ይህን ስናገር እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ የእጅ ልማድ ነበር። ሠራተኛዬ ቁጥር 92ን ጨመረች። ደንበኛዬ ሳያነብ ፈረመ።

ችሎቱ አጭር ነበር። ዳኛው በመቃወሚያው ላይ ሁለታችንንም ሰሙ። ባልቴቷን «እማማ፣ ስለ ይርጋው ምን ይላሉ?» ብለው ቢጠይቋቸው ቃሉ እንዳልገባቸው ስላዩ ዘመኑ ያለፈበት ነገር እንደ ረጋ ይቆጠራል ማለት እንደ ሆነ በትዕግሥት አስረዷቸው። ሴትዮዋ «ለእኔ መቼ ረጋልኝ ጌታዬ?» አሉ። ቀጥለውም ተከሳሹ እንዲምል ለመኑ። ዳኛው በመቃወሚያው ላይ ብይን ለመስጠት መሐላ እንደማያስፈልግ ገለጹላቸው፤ እንደ ሕጉም ትክክል ነበሩ። ክሱ ተዘጋ።

በኮሪደሩ ላይ ጠብቀውኝ አገኘኋቸው። የቆጣ ፊት አልነበራቸውም። የመልሱ ግልባጭ በእጃቸው ነበር፤ የልጅ ልጃቸው አንብቦላቸዋል።

«ልጄ» አሉኝ፤ «አልተበደረም ነው ያልከው?»

«ሕጉ ነው እናቴ፤ አሥር ዓመት ካለፈ...»

«ሕጉንስ ዳኛው ነገሩኝ። እኔ የጠየቅኩህ አንተ ያልከውን ነው።»

መልስ አልሰጠኋቸውም። ብዙ መልሶች ነበሩኝ፤ የደንበኛን ምሥጢር ስለ መጠበቅ፣ ስለ አማራጭ ክርክር ጠባይ፣ ፈራሚው ተከሳሹ እንጂ እኔ ስላለመሆኔ። ሁሉም በችሎት ያስኬዳሉ። ከእነዚህ አንዱን እንኳ ለእኒያ ሴት በዚያ ኮሪደር ለመናገር አልደፈርኩም፤ እርሳቸውም ጥቂት ቆመው ሄዱ።

ስለዚህ ነገር ለብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። በአያቶቻችን ሥርዓት ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ይርጋው ምናልባት ባልተነሣ ነበር። ክህደቱ ግን በእርግጥ ባልተነገረ ነበር፤ ደንበኛዬ ለዚያች ቃል በቅሎ ማስያዝ አለበትና፤ በእውነት የተበደረ ነጋዴ ደግሞ በሁለት ምስክር ላይ በቅሎ አይወራረድም። እርሳቸውም በአንጻሩ ለክሳቸው የሚያስይዙት ላይኖራቸው ይችል ነበር፤ ምናልባት ከነጭራሹ አደባባይ ባልወጡ ነበር። አዲሱ ሥርዓት ደጁን ከፈተላቸው፤ እኔ ደግሞ በዚያው በተከፈተው ደጅ ገብቼ ዋጋ የማይከፈልበት ውሸት ተናገርኩባቸው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ ለመፍረድ አልችልም፤ የኋለኛው ግን የእኔ ነው።

በጊዜው በሥራ ላይ የነበረው የጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 ፍርድ ቤትን ማሳሳት ይከለክል ነበር። ማንም ግን በዚያ አልከሰሰኝም፤ ሊከሰኝም አይችልም፤ ያወቅሁትን የሚያውቅ ደንበኛዬ ብቻ ነውና። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 በሕግ የቆመ የጠበቆች ማኅበር ሰጥቶናል። በመካከላችን ስለ ፈቃድ፣ ስለ ግብር፣ ስለ ድርጅት አቋቋም ብዙ ተነጋግረናል፤ ያም ተገቢ ነው። «በአማራጭ» ስለምትለው ቃል የተነጋገርንበትን ስብሰባ ግን አላስታውስም። አማራጭ ክርክር ራሱ ነውር የለበትም፤ ስለ ሕግ ትርጉም፣ ስለ ማስረጃ ብቃት፣ ስለማናውቀው ፍሬ ነገር በአማራጭ መከራከር ይቻላል፤ ይገባልም። የማወራው በጠረጴዛው ወዲያ የተቀመጠው ሰው አድርጌአለሁ ያለንን ነገር አላደረገም ብለን ስለ መጻፍ ነው። ይርጋው የጸና ከሆነ ያለ ክህደቱ ይቆማል፤ ካልጸናም ቀሪው ክርክር ስለ መክፈያው ጊዜና ስለ ወለዱ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚቃወሙኝ ባልደረቦች እንዳሉ አውቃለሁ፤ አንድ ታላቅ ወዳጄ «አንተ የደንበኛህ ጠበቃ እንጂ ነፍስ አባቱ አይደለህም» ብለውኛል። እውነታቸውን ሊሆን ይችላል።

ነጋዴው በኋላ ምን እንዳደረገ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

ከዚያ ወዲህ የማደርገው ነገር ትንሽ ነው። ደንበኛው ከመፈረሙ በፊት ጽሑፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ቁጥር 92ን ጨምሬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብለታለሁ። ጊዜ ይወስዳል፤ ሠራተኛዬም መጀመሪያ ላይ አመመው ይሆን ብላ ነበር። ብዙዎቹ አዳምጠው ይፈርማሉ። አንዳንዶቹ መካከል ላይ «ይህቺን ተዋት» ይሉኛል፤ ትሰረዛለች። ሁለት ሰዎች ፋይላቸውን ይዘው ሄደዋል፤ አንደኛው የከፈለውን ቀብድ መልሼለታለሁ።

ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት ባለጉዳይ ማንበቤን እስክጨርስ በትዕግሥት ጠበቀና «ይህ መሥመር ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ስንት እከፍላለሁ?» ሲል ጠየቀኝ። የጠየቀኝ ከልቡ ነበር። ሕጉ ስለ ሐሰት የሚለውን ነገርኩት። ከዚያም ቀና ብዬ፣ በቁጥር 92 መሠረት ሐሰት አረጋግጦ የተቀጣ ሰው በሥራ ዘመኔ ሁሉ አላየሁም አልኩት። ጥቂት አሰበና ብዕሩን ተቀብሎኝ ፈረመ።